ከስሙ ጎን ያለው ስም

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? ብርዱ ሲለቅ አብሮ ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ደረጃ ስትወጪ ግድግዳውን እየተደገፍሽ ነው? ዶሮዎችሽስ ደህና ናቸው? ያቺ ጎረቤት ግቢ እየሄደች እንቁላሏን የምትጥለው ከሃዲ አሁንም በሕይወት አለች ወይስ በወይን ጠጅ ተቀቅላ ተበላች? እህቴ የጓሮው ጣሪያ እንደሚያፈስ ጽፋልኝ ነበር። እስክመጣ ድረስ ባልዲ አስቀምጪበት እንጂ አደራሽን መሰላል ላይ እንዳትወጪ። ይህን ስጽፍ ራሱ እንደወጣሽ እርግጠኛ ነኝ።

እኔ በጣም ደህና ነኝ። ሥራውም ጥሩ ነው፤ እዚህ ኒም ውስጥ የአንድ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ደረጃ እየቀየርን ነው። ያስቸገረኝ ነፋሱ ብቻ ነው። ሚስትራል ይሉታል፤ አንዴ ከተነሣ ለቀናት አያባራም፤ የጠረብኩትን ብናኝ ሁሉ መልሶ ዓይኔ ውስጥ ይሞጅረዋል። ምግብ አልተቸገርኩም። ያረፍንበት ቤት እመቤት፣ እኛ ተጓዥ ድንጋይ ጠራቢዎች ሁሉ «እማማ» የምንላት፣ የጨው ዓሣ በወይራ ዘይት ደቁሳ ስታቀርብልን ሳህኑን እስክንልስ ድረስ ነው የምንበላው። እማማ ስላልኳት እንዳትቀኚ ደግሞ፤ በየከተማው የምናርፍበት ቤት ሁሉ አንዲት እማማ አለችው፤ ወጉ ነው። ሰናፍጭ ግን ይህ አገር የሚያውቅ አይመስለኝም። የአገራችንን የቡርጎኝን ሰናፍጭ አንድ ማሰሮ ብትልኪልኝ በቤቱ ውስጥ ከኔ በላይ የሚከበር ሰው አይኖርም።

ይኸው፤ ስለ ዶሮና ስለ ሰናፍጭ ስቀባጥር «ወደ ዋናው ነገር ግባ እንጂ!» እያልሽ ወረቀቱን ስትገላብጪ ይታየኛል። ደብዳቤዬ እንደዘገየም አውቃለሁ። ብዙ ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ፊት ለፊት ተቀምጠው ቢያወሩት ይሻል ነበር፤ ግን እስክመጣ ድረስ አንቺን በጥርጣሬ ማቆየት ግፍ ሆኖ ታየኝ። ስለዚህ ቁጭ በይ፤ መነጽርሽንም አድርጊ። ድልድዩ ጋ ሄጄ መጥቻለሁ።

ከቤት የወጣሁ ዕለት ካልሲዎቼን እየጠቀለልሽ ያልሽኝን አልረሳሁም። ቀና ብለሽ እንኳ አላየሽኝም። «ፖን ዱ ጋር የሚባለው ድልድይ ስትደርስ የአባትህን ስም ፈልግ» አልሽኝ። «ከስሙ ጎን የማን ስም እንዳለ አይተህ ጻፍልኝ፤ እንዳትደብቀኝ።» ለምን ብዬ አልጠየቅኩሽም፤ ገብቶኝ ነበር። እራት ላይ ደጋግሞ ያወራን አባዬ ራሱ ነው። ድንጋይ ጠራቢ አገር እየዞረ ሙያውን ሲማር፣ ሮማውያን ለኒም ውሃ ሊያመጡ የሠሩት ድልድይ ሳይደርስ ዙሩን ጨረሰ አይባልም። እዚያ ሲደርስ ከቀደሙት ጠራቢዎች ስም መካከል የራሱን ስምና ምልክት ይቀርጻል፤ የሚወዳት ያለችው ደግሞ የሷን ስም ከስሙ ጎን ያኖራል። እኔና እህቴ «አንተስ አባዬ?» ስንለው «እኔማ ቀርጫለሁ! የተጋደመ መዶሻ፣ ከሥሩ ሦስት ነጥብ» ይለን ነበር። «ከጎኑስ የማንን ስም ቀረጽክ?» ስንለው ሾርባውን መጠጣት ይጀምራል።

አንቺ ያን ሾርባ አልረሳሽለትም። ድልድዩ ጋ ውሰደኝ ባልሽው ቁጥር ደግሞ ሰበብ አያጣም ነበር። አንዴ «ሙቀቱ ራስ ያዞራል» ይላል። ሌላ ጊዜ «ወይናቸው ይኮመጥጣል» ይላል። አጎቴ የጭነት መኪና ገዝቶ ሁላችንንም በነጻ ልውሰዳችሁ ሲል «ድንጋይ ለማየት ነው እንዴ ይህን ሁሉ መንገድ? ነይ ጓሮ ላሳይሽ» ብሎ አሳቀን፤ አንቺ ብቻ አልሳቅሽም። አንድ ዓመት ደግሞ ፖስተኛው ያመጣው የቀን መቁጠሪያ ላይ የድልድዩ ፎቶግራፍ ነበረበት። አባዬ ወጥ ቤት ቆሞ ሲያየው ከኋላው ደረስሽና ዓይኑ እንባ አቅርሮ አገኘሽው። ለድንጋይ የሚያለቅስ ወንድ የለም ብለሽ ደመደምሽ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን አንዲት የደቡብ ሴት አብራን ኖረች። ማንም አይቷት አያውቅም፤ አንቺ ግን መልኳን ጭምር ታውቂዋለሽ፤ ጥቁር ጸጉር፣ ቀይ ቀሚስ፣ ጉልበቷን የማያማት።

ቀለድኩ፤ ይቅር በይኝ። ቀልድ እንዳልነበረ በቀብሩ ዕለት አየሁት። ብናኙ ሳንባውን ጨርሶት ትንፋሽ ሲያጥረው ቀጥ አድርገሽ ይዘሽ ያስቀመጥሽው፣ አፉን የጠረግሽለት፣ ጎረቤት ልርዳሽ ሲል እምቢ ያልሽው አንቺ ነሽ። መቃብሩ ላይ ግን አንዲት ዘለላ እንባ አልወጣሽም። የመቃብሩን ድንጋይ እኔው ልጥረበው ስልሽ «የሱን ጎን ቅረጽ፤ የኔን ጎን ባዶ ተወው። ከሱ አጠገብ ልተኛ አልተኛ ገና አልወሰንኩም» አልሽኝ። አክስቴ ኀዘን ነው የሚያናግራት አለች። እኔ ግን የምርሽን እንደሆነ አውቄያለሁ።

ድልድዩ ጋ የሄድነው እሁድ ዕለት ነው፤ በብስክሌት፣ ከኦክታቭና ከፊርማን ጋር። ሁለቱም አብረውኝ የሚዞሩ ጠራቢዎች ናቸው። ፊርማን ዝምተኛ ነው፤ ኦክታቭ ብሬቶን ነው፤ የባሕር ዳር አገር ልጅ፤ የሁለቱን ወሬ ብቻውን ያወራል። መንገዱን ሙሉ ስለ አባዬ ምልክት አወራኋቸው። የኔን ስም ከሱ ስም አጠገብ ለመቅረጽ መሮዬን ስዬ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ ይዤ ነበር። ወንዙ ዳር ስንደርስ ሰዉ ምሳውን ዘርግቶ ይበላል፤ ሕፃናት ውሃው ውስጥ ይንቦራጨቃሉ፤ ሽማግሌዎች በብረት ኳስ ጨዋታ ይጨቃጨቃሉ። ድልድዩ ከላያቸው ቆሟል፤ ቀና ብሎ የሚያየው የለም።

እኔ ግን አየሁት እናቴ፤ አፌን ከፍቼ ነው ያየሁት። ያን የሚያህል ድንጋይ ያለ ጭቃ፣ ያለ ኖራ፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተቀምጦ ይኸው እስከ ዛሬ አልተነቃነቀም። እጄን ሰድጄ መጋጠሚያውን ዳሰስኩት፤ ጥፍሬ አልገባም። አባዬ ያወራልን ሁሉ እውነት ነበር፤ ቅስቱም፣ ከፍታውም፣ ለመሰላል ብለው ወደ ውጭ አሹለው የተዉአቸው ድንጋዮችም። አንድ ነገር ብቻ አልገጠመልኝም። አባዬ ድንጋዩ ነጭ ነው ይለን ነበር። እኔ ያየሁት ግን እንደ ማር ቢጫ ነው። ጠራቢ የድንጋይ ቀለም ይስታል እንዴ? ፀሐዩ ይሆናል ብዬ ተውኩት።

ከዚያ ፍለጋ ጀመርን። ስሙ ብዛቱ! መዶሻ፣ ማዕዘን መለኪያ፣ የፈረስ ኮቴ፣ ልብ፣ የአያት ቅድመ አያት ስም በአንድ ላይ ተደራርቧል። አንዱን ምሰሶ ጨርሼ ወደሚቀጥለው ሄድኩ። አንድ ቦታ ላይ ሦስት ነጥብ አየሁ። ከጎኑ «ሊዜት» የሚል የሴት ስም አለ። ሊዜት! ደሜ ፊቴ ላይ ወጣ። ቀይ ቀሚሷ ሁሉ ታየኝ እልሻለሁ። ቀርቤ ሳየው ከሦስቱ ነጥብ በላይ ያለው መዶሻ ሳይሆን ሹካ የመሰለ ነገር ነው፤ የተቀረጸበትም ዘመን አባዬ ከመወለዱ በፊት ነው። ሊዜትን ይቅርታ ጠይቄ አለፍኩ።

ምሳ ሰዓት አልፎም አላገኘሁትም። ኦክታቭ ጥላ ሥር ተጋድሞ «አባትህ ሳሙና ላይ ነው እንዴ የቀረጸው? ዝናብ ወስዶታል!» አለኝ። ፍለጋዬን ስቀጥል «ወይስ ሮማውያን ሌላ ድልድይ ሠርተው ለአባትህ ብቻ ነው የነገሩት?» ብሎ ጨመረበት። መሮውን ጥዬ አንገቱን አነቅኩት። ፊርማን መሃላችን ገብቶ ባይገላግለን ኖሮ ወንዙ ውስጥ እጨምረው ነበር። ብሬቶን ስለሆነ መዋኘቱ አይቀርም፤ ግን ልቤ ይረካ ነበር። ሲመሽ ስሜን ሳልቀርጽ ተመለስኩ። ኦክታቭ ከኋላዬ ብስክሌቱን እየነዳ ይቅርታ ሲለኝ አልመለስኩለትም። የተናደድኩት በሱ እንዳልሆነ እሱም እኔም እናውቃለን።

ነገሩን ለእማማ ያወራላት ፊርማን ነው። እማማ ሰሃን እያጠበች «የኢሌር ልጅ ነህ እንዴ አንተ?» አለችኝ። ይህን ቤት ከእናቷ ነው የወረሰችው፤ አባዬ እዚህ ሲያርፍ ልጅ ነበረች፤ ትዝ የሚላት ሲዘፍን መስማቷ ብቻ ነው። «እኔ ምንም አላውቅልህም፤ ቬር ሄደህ አባባ ካዚሚርን ጠይቅ። ከአባትህ ጋር አንድ አልጋ ነበር የሚጋሩት» አለችኝ። አባዬ የዚህን ሰው ስም አንሥቶልን አያውቅም። ይህ ገረመኝም፤ ፍርሃትም ለቀቀብኝ።

በሚቀጥለው እሁድ ብቻዬን ወደ ቬር ሄድኩ። የድንጋይ መንደር ናት፤ አጥሩም መንገዱም ያ ቢጫ ድንጋይ ነው። አባባ ካዚሚርን አደባባዩ ላይ ኳስ ሲጫወት አገኘሁት። ቆቡን እስከ ቅንድቡ ድረስ የደፋ፣ ጆሮው የከበደ፣ እግሩን አንፈራጥጦ የሚሄድ ሽማግሌ ነው። ሰላምታ ስሰጠው «ቆይ፣ መጀመሪያ ኳሴን ልጣል» አለኝ። ጣለ፤ ሳተ፤ ተሳደበ። ከዚያ ዞሮ አየኝና «ይህን አፍንጫ አውቀዋለሁ፤ ባለቤቱ ግን ካንተ ይረዝም ነበር። ኢሌር ደህና ነው?» አለኝ። በገና ሰሞን እንደቀበርነው ነገርኩት። ቆቡን አወለቀ። ኳሶቹን ሳያነሣ ጨዋታውን ትቶ መሄድ ሲጀምር ጓደኞቹ «ካዚሚር! ልትሸነፍ ስትል ሁልጊዜ ሰው ይሞትብሃል!» ብለው ጮኹበት። ዞር ብሎ እንኳ አላያቸውም። እጄን እንደ ሕፃን ልጅ ይዞ ወደ ቤቱ ወሰደኝ።

ወይራ ፍሬ አቀረበልኝ፤ ወይን ቀዳልኝ። (አባዬ እውነቱን ነው፤ ይኮመጥጣል።) ስለ ሳንባው ጠየቀኝ፤ ስለ እህቴ ጠየቀኝ፤ ስላንቺ ደጋግሞ ጠየቀኝ። ስለ ምልክቱ ስጠይቀው ግን «ደህና አድርገህ አልፈለግክም ማለት ነው» አለኝ። «እንግዲያው አብረን እንሂድና ያሳዩኝ» ስለው «እግሬን ያመኛል» አለ። እግሩን እያመመው ነው እንዴ ጠዋቱን ሙሉ ኳስ ሲወረውር የዋለው? አባዬ ሰበብ ሲፈልግ የሚያሳየውን ፊት እሱም ያሳየኝ ጀመር። ያኔ ትዕግሥቴ አለቀ። ካልሲ ስትጠቀልዪ ያልሽኝን፣ የቀን መቁጠሪያውን፣ ከመቃብሩ ላይ ባዶ ተወው ያልሽውን ጎንሽን፣ ሁሉንም ዘረገፍኩለት። «እናቴ ባሌ ሌላ ሴት ነበረችው ብላ ቆርጣለች፤ እውነት ከሆነ እውነት ነው ይበሉኝ፤ እኔ እነግራታለሁ» አልኩት።

አባባ ካዚሚር ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጠው ወይኑ ፈሰሰ። «ሴት?» አለ። «ኢሌር? ያ ቂል?» ከዚያ ጮኸ፤ ድመቷ ከመስኮቱ ዘላ ወጣች። «ሴትማ ነበረች! ጠዋት እሷ፣ ማታ እሷ! ድንጋይ ስንፈልጥ እሷ፣ ሾርባ ስንበላ እሷ! አፉን በትራስ አፍኜዋለሁ እንዲያስተኛኝ ብዬ!» አለና ያንቺን ስም ጠራ። ከነአባትሽ ስም ነው የጠራው። ፊቴን በእጄ ሸፈንኩ። «አሁን መሐላዬን አስፈረስከኝ» አለ ቀስ ብሎ። «ከሞተ ደግሞ ምን ቀረኝ፤ ስማ።»

የነገረኝን እንዳለ እነግርሻለሁ፤ አንዲት ቃል አልጨምርም። ያን ክረምት ኒም ውስጥ አብረው ሲሠሩ ቆይተው ድልድዩ ጋ የሚሄዱበት እሁድ ተቆረጠ። አባዬ ለዚያ ቀን ሲዘጋጅ የሰነበተው ሌላ ነው። ምልክቱን በከሰል እየሣለ የሚተኛበትን ክፍል ግድግዳ አበላሽቶ የቤቱ እመቤት ልታባርረው ምንም አልቀራትም ነበር። መዶሻ፣ ሦስት ነጥብ፣ ከጎኑ ያንቺ ስም። የስምሽ ፊደል ሲበዛበት «አጭር ስም ያላት ውደድ» እያሉ ያበሽቁት ነበር። ቅዳሜ ምሳ ላይ ካንቺ ስልክ ተደወለ። ስልኩ ያለው ምሳ በሚበሉበት መጠጥ መሸጫ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ሁሉም ይሰማል። አባዬ ብዙ አልቆየም፤ ስልኩን ዘግቶ ተመለሰ። «ምን አለችህ?» አሉት። «ና አለችኝ» አላቸው። «እሺ፣ ከዚያስ?» ሲሉት «ና ነው ያለችኝ» ብሎ ጓዙን መሸከፍ ጀመረ።

ሁሉም ከበቡት። ነገ ድልድዩን ያያሉ፤ ይቀርጻሉ፤ ማታውኑ ባቡር ይሳፈራል። አንድ ቀን ምን አላት? አባባ ካዚሚር ራሱ «ይህ ድልድይ ሁለት ሺህ ዓመት ሙሉ የቆመ ነው፤ አንተ ደግሞ አንድ ሌሊት መቆም ያቅትሃል?» አለው። አባዬም «እሱ መቆም ይችላል። እሷ ግን ፖስታ ቤት ውስጥ ብቻዋን ቆማ እያለቀሰች ነው የደወለችልኝ» አለ። ደንቡን ሁሉም ያውቀዋል፤ ዙሩን አቋርጦ የሄደ ሰው ተመልሶ ቢመጣም ድልድዩ ላይ መሮ አያሳርፍም። አባዬም ያውቀዋል። እያወቀ ነው የሄደው።

ባቡር ጣቢያ የሸኘው አባባ ካዚሚር ነው። እዚያ ቆመው አባዬ አስማለው። «ማንም ቢጠይቅህ ሄደን ቀርጸናል በል» አለው። «ሳልቀርጽ እንደመጣሁ ካወቀች ዕድሜዋን ሙሉ ‹እኔ ነኝ ያስቀረሁት› እያለች ትኖራለች። እኔ ድልድይ ያላየሁ ሰው ሆኜ መኖር እችላለሁ፤ እሷ ግን እንዲህ እያለች መኖር የለባትም።» አባባ ካዚሚር ማለ። ለዚህ ነው አባዬ ስሙን የማያነሣልን፤ አንድ ቀን ብንጋብዘው አፉ ያመልጠዋል ብሎ ፈርቶ ይሆናል። ድንጋዩን ነጭ ነው ያለን ደግሞ በጥቁርና ነጭ ሥዕል እንጂ በዓይኑ አይቶት ስለማያውቅ ነው። ሾርባውም አሁን ገባኝ። ቀርጫለሁ ብሎ መዋሸት ችሏል፤ ስምሽን ከጎኑ ቀርጫለሁ ብሎ መዋሸት ግን አልሆነለትም። ድልድዩን ላሳይሽ እያለ በሆዱ ሲያምረው ኖሮ፣ ስሙን ከየት አምጥቶ ያሳይሽ?

ያን ዕለት የት ቆመሽ እንደደወልሽ ሳስበው ዋልኩ። የፖስታ ቤቷን ሴትዮ አውቃታለሁ፤ ቴምብር እየሸጠችም ጆሮዋ ሌላ ቦታ ነው። እሷ ፊት ያላገባች ልጅ ከዚያች አንዲት ቃል በላይ ምን ልትል ትችል ነበር? ለምን እንደደወልሽ አልጠይቅሽም። አባባ ካዚሚርም አልጠየቀኝም፤ «ሰርጋቸው ላይ አልተገኘሁም፤ ልደትህ መቼ ነው?» ብቻ አለኝና፣ ወሩን ስነግረው በጣቶቹ ቆጥሮ ራሱን ነቅንቆ ወይራውን ወደ እኔ ገፋው።

ከዚያ እግሩን የሚያመው ሰው ተነሥቶ ድልድዩ ድረስ ከፊቴ ቀደመኝ። ወደ አንድ ቅስት ጥግ፣ ጥላ ወደሚበዛበት ወሰደኝ። የራሱ ስም እዚያ አለ፤ ከጎኑ ደግሞ መዳፍ የሚያህል ቦታ ተስተካክሎ ተልጓል፤ ምንም አልተጻፈበትም። ያን እሁድ ብቻውን ሲቀርጽ ለአባዬ ያስቀመጠለት ቦታ ነው። ደንቡ እንደማይፈቅድ እያወቀ አስቀመጠለት። ከዚያ ወዲህ በየበጋው እየመጣ፣ እዚያ ቦታ ላይ መሮ የሚያሳርፍ ወጣት ካገኘ በቆቡ ያባርራል። «ድልድዩ ሙሉ ቦታ ነው፤ ምን አስጨነቃችሁ ከኔ ጎን!» ይላቸዋል። እኔም አልፌ ሄጄ ነበር ባለፈው እሁድ፤ ባዶ ቦታ የሚያይ ማን አለ?

«የአባትህን ስም ቅረጽበት» አለኝ። ልቤ ቢከጅልም እምቢ አልኩ። አባዬ ደንቡን ያከበረ ሰው ነው፤ ካልደረሰበት ቦታ ላይ ስሙን ብቀርጽ ደስ አይለውም። እኔ ግን ደርሻለሁ፤ እኔ አንድ ስም ከጎኔ የማኖር መብት አለኝ። ምልክቴን ከሥር በኩል በትንሹ ቀረጽኩ። ያችን የተላገች ቦታ ደግሞ ላሰብኩት ስም ያዝኩ። አባባ ካዚሚር ሲገባው «ለእጮኛህ ቦታ አስቀር እንጂ! ነገ አንዷ ስትመጣ ምን ልትላት ነው?» አለኝ። «ቀድማ ያልመጣች ራሷ ናት» አልኩት። ሳቀ፤ ከዚያ ቆቡን ፊቱ ላይ ደፍቶ ዞረ። የድልድዩ ጠባቂ የመዶሻውን ድምፅ ሰምቶ ሲመጣብን አባባ ካዚሚር ሄዶ ስለ ኳስ ጨዋታው ክርክር አስጀመረው፤ እስክጨርስ ድረስ አልለቀቀውም። የስምሽ ፊደል እውነትም ብዙ ነው። ግን እጄ አልቸኮለም።

እንግዲህ ጠይቀሽኝ ነበር፤ አልደብቅሽም። የአባዬ ስም ድልድዩ ላይ የለም። የአንዲት ሴት ስም ግን አለ፤ ያንቺ ነው። ሊቀረጽ ታስቦ ግድግዳ ላይ በከሰል ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ የሱ አሳብ ከዚህ ስም ሌላ አልነበረም። ስንት ዓመት የቀናሽባት ያቺ የደቡብ ሴት ራስሽ ነሽ እናቴ። አሁን አልቅሺለት። ቆይቶብሻል፤ እስኪወጣልሽ አልቅሺለት። እኔም እዚህ አልቅሼለታለሁ፤ ኦክታቭ አይቶኝ ሳይቀልድ መሀረቡን አቀበለኝ።

«እኔ ነኝ ያስቀረሁት» እንዳትዪ ግን። እሱ የፈራው ይህን ነው፤ እኔም ደብዳቤውን ስቀድድ የነበረው ለዚህ ነው። አስቀረሽው ሳይሆን ጠራሽው፤ መጣ። ለመንደሩ ሰው ደግሞ ኢሌር ድልድዩ ላይ ቀርጿል እንደተባለ ይቆይ፤ አጎቴም ጭምር አይስማ። የመቃብሩን ድንጋይ ጎን አንቺው ወስኚ፤ የምትዪኝን እቀርጻለሁ፤ ባዶ ተወው ካልሽኝም እተወዋለሁ። ዙሬን ስጨርስ መጥቼ እወስድሻለሁ። ባቡሩ ይመቻል፤ ሰናፍጩን እንይዛለን፤ ድንጋዩ ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው በዓይንሽ ታዪዋለሽ።

ናፍቀሽኛል። ድምፅሽ፣ ቁጣሽ፣ በሩን ስትዘጊ የምታሰሚው ያ ጓ የሚል ድምፅ ሳይቀር ናፍቆኛል። አባዬንማ የማልናፍቅበት ሰዓት የለም፤ ድንጋይ በነካሁ ቁጥር ከኋላዬ ቆሞ የሚያይ ይመስለኛል። እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያጽናልኝ፤ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፤ ቤትሽን ከዝናብና ከነፋስ ይጠብቅልኝ። እህቴን ሳሚልኝ። አንቺንም ሁለቱን እጆችሽን እስማለሁ።

ያን ቅዳሜ «ና» ያሰኘሁሽ ልጅሽ